ተበጥብጦ የመጣ ኩላንት ወይስ ያልተቀላቀለው?

የመኪና ሞተር ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ፣ ኩላንትን፣ ራስህ ለመቀየር ስትነሳ መጀመሪያ የምታመነታው እዚህ ላይ ነው።

ተበጥብጦ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ውሃ ነው። ከፍቶ መጨመር ብቻ፤ ግን ለውሃውም ጭምር እየከፈልክ ነው።

ያልተቀላቀለው ስሌት ይፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ራዲያተር ውስጥ ስለሚጋገር የሚጨመርበት ውሃ ማዕድን የሌለው የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ መሆን አለበት። «ወፍራም ከሆነ ይሻላል» ብሎ እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም። የኩላንት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ኤትሊን ግላይኮል ንጹሕ ሲሆን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በረዶ ይሆናል፤ ከውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል ግን ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ይቋቋማል። ሙቀት በመሸከምም ውሃ ይበልጠዋል።

ታዲያ ለምን ይህንኛውን እመርጣለሁ? የማቀዝቀዣ ሲስተሙን በውሃ ካጠብክ በኋላ ሞተሩ ውስጥ አልወጣም የሚል ውሃ ይቀራል። ሲስተሙ 6 ሊትር ይይዛል፣ 2 ሊትር ውሃ ቀርቷል እንበል። የተበጠበጠውን 4 ሊትር ብትጨምር ግማሹ ውሃ ስለሆነ ንጹሑ ኩላንት ከጠቅላላው ሲሶ ብቻ ይሆናል። ያልተቀላቀለውን 3 ሊትር፣ ከዚያ 1 ሊትር ውሃ ብትጨምር ግን ልክ ግማሽ በግማሽ ይመጣልሃል።

ሳታጥብ አሮጌውን አፍስሰህ የምትተካ ከሆነ የተበጠበጠው ይበቃል፤ አትድከም።

በሁለቱም ቀለም አይተህ አትግዛ፤ ዓይነቱን የመኪናው መመሪያ ይነግርሃል። ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አትንካ። አሮጌውንም ደጅ አትድፋው፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል።