ከወንዝ ዳር የሚነሳ ኮርስ
የማኅበራዊ ሳይንስ መግቢያ የኦንላይን ኮርስ ጨረስኩ፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ኢኮኖሚክስን ምን እንደሚያገናኛቸው የገባኝ ሜሶፖታሚያ (የዛሬዋ ኢራቅ አካባቢ) ላይ ስደርስ ነው። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚሞሉት አዝመራው በሚደርስበት ሰሞን ስለሆነ፣ ሰው ቦይ ለመቆፈርና ውሃውን ለመገደብ መተባበር ነበረበት፤ እህል ሲተርፍ ደግሞ መመዝገብ መጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ኡሩክ በምትባል የሜሶፖታሚያ ከተማ ውስጥ የተጻፉት የሸክላ ሰሌዳዎች አብዛኞቹ የሂሳብ መዝገብ ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ደግሜ አየሁት።

ዓባይ ግን ከዘር በፊት ሞልቶ ይሸሻል፤ ለግብፅ ገበሬ እንዴት እንደተመቸው አስቡት። ስለ ሞሄንጆ ዳሮ (በዛሬዋ ፓኪስታን ያለ ጥንታዊ ከተማ) የሚናገረው ክፍልም ግሩም ነው፣ ከ4500 ዓመት በፊት ገደማ የተሠራ ክዳን ያለው የፍሳሽ ቦይ! የቻይናውን ቢጫ ወንዝ ግን ሮጠው አለፉት፣ ቅር ብሎኛል። ካርታዎቹም ደብዛዛ ናቸው፤ አትላስ ከጎናችሁ አድርጉ።