ናታንያ ላላችሁ ወላጆች፦ ስለ አንድ ሳይክል ጠጋኝ

ልጄ የሚሠራበትን የሳይክል ጥገና ቤት ባለቤት በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ሳይክል ያላችሁም እሳቸው ዘንድ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ተወልዶ ያደገ። አምና በገዛ ሳይክሉ ጓደኛው ቤት ሲደርስ አንድ ሰውዬ አስቆመው። «ይሄን ከየት ሰረቅከው?» አለው። መሪውን ጨብጦ አለቅም አለ። የጓደኛው እናት ከፎቅ ወርዳ «የራሱ ነው» ስትል ወዲያው ለቀቀው። የልጄ ቃል አልበቃም፣ የነጭ ሴት ቃል በቃ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሳይክሉን በረንዳ ላይ አስሮ ተወው። ከትምህርት ቤት በስተቀር ከቤት አይወጣም ነበር።

እኔ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባመጣው ዘመቻ፣ በልጅነቴ ነው የመጣሁት። ያኔ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ገባን። በ1996 ወገኖቻችን የለገሱት ደም ተደብቆ ሲጣል እንደኖረ ሲሰማ አባቴ ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጣ። በ2015 ፖሊስ ከኛ ወገን የሆነ ወታደር ሲደበድብ በካሜራ ታየና ወጣቱ ሰልፍ ወጣ። በ2016 የመንግሥት ኮሚቴ ራሱ ዘረኝነቱ በየመሥሪያ ቤቱ እንዳለ ጻፈ። ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። እሱ ግን ሳይክሉን አልነካም።

በኋላ ባለቤቴ ጎትጉቶ ጎማውን ሊያስለጥፉ ወሰደው። ጠጋኙ ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሳይክሉን ገለበጡት፣ ፔዳሎቹ መሀል ያለውን ጭቃ በጨርቅ ጠረጉና ብረቱ ላይ የተመታውን የሳይክሉን መለያ ቁጥር አሳዩት። ቁጥሩን ከነስሙ ደረሰኝ ላይ ጽፈው ማህተም አደረጉበት። እውነቱን ልናገር፣ ልጄ ለገዛ ሳይክሉ ማስረጃ ይዞ መዞሩ ያንገበግበኛል። ሰውየው ግን «ከየት አመጣኸው?» አላሉም። «እጅህ ረጋ ያለ ነው፤ ከትምህርት በኋላ ና፣ ሥራ ላሳይህ» ነው ያሉት።

ይኸው አሁን እጁ ግራሶ ሆኖ ይመጣል። ደሞዙ በወሩ ይገባል፣ ከነተሉሹ (ከነደሞዝ ወረቀቱ)። ይህን የምጠቅሰው ልጆቻችንን ያለ ደሞዝ ወረቀት በድብቅ የሚያሠራ ስለሚበዛ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ሄጄ አንድ ደንበኛ መጣ። ልጄን ከላይ እስከ ታች አየውና «ሌላ ሰው የለም?» አለ። ሽማግሌው ቀና እንኳ አላሉም። «እዚህ ፍሬን የሚሠራው እሱ ነው። ካልፈለግህ ሳይክልህን ውሰድ» አሉት። ወስዶ ሄደ። ገንዘቡ ቀረባቸው፤ እሳቸው ግን ወደ ልጄ ዞረው «ቀጥል፣ ቀጣዩን አምጣ» ብቻ አሉ። እኔ እንባዬ መጣ። ለቤተ እስራኤል የስግድ በዓልም ፈቃድ ልንጠይቅ ስንል «ነገ በዓላችሁ ነው፣ እንዳትመጣ» ብለው ቀደሙን።

እድሜና ጤና ይስጥልን። ልጄ አሁን ጓደኛው ቤት በሳይክሉ ይሄዳል፣ በዚያው መንገድ።

ሥራቸው ጥንቅቅ ያለ ነው። ዋጋውን ሳይነኩት በፊት ይነግሯችኋል፣ የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ ይመልሱላችኋል፣ መቀየር የሌለበትን አይቀይሩም። የኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪ ግን አይሠሩም። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ዓርብ ቀትር ላይ ይዘጋሉ፣ በጊዜ ሂዱ።