ቅዳሜ ዱላ ቅብብል፣ እሁድ መሰናክል፦ ከውጭ ለመጣ ሯጭ አዲስ አበባ ላይ ለየትኛው አገልግሎት መክፈል ይሻላል?

ለእረፍት አገር ቤት መጥቶ መሮጥ የሚያምረው ሰው ብዙ ነው። ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ የሚመጣውን ብቻ አይደለም የምለው። እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ሲካሄድና ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ሲያሸንፍ፣ ለጤናውና ለደስታው የሚሮጥ ሰው መንገድ ላይ ማየት ብርቅ ነበር። ዛሬ ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ብትወጡ ጓደኛሞች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ እናትና ልጅ ሲሮጡ ታገኛላችሁ። ትንንሽ የቡድን ውድድሮችም አሉ። እኛም ጥቅምት ላይ ዘመዳሞች ተሰባስበን ቅዳሜ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ዱላ ቅብብል፣ እሁድ ሱሉልታ ላይ የመሰናክል ሩጫ ሮጥን። የሁለቱም አዘጋጅ አንድ ነው። የምወቅስበት ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ስንተኛ እንደወጣን ትቼ፣ ከፍለን ስላገኘነው አገልግሎት ልንገራችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠውን ላስቀድም፦ አሯሯጭ፣ ማለትም አብሯችሁ እየሮጠ ፍጥነታችሁን የሚመጥንላችሁ ሰው ያዙ። ሆቴሉም፣ መኪናውም፣ ጫማውም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከፍታው ቀልድ አያውቅም። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባህር ጠረፍ ካሉ ከተሞች ሩብ ያህል ያንሳል። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። "ተወልጄ ያደግኩበት አገር ነው" ማለት አያድንም። ዝቅ ያለ አገር ለዓመታት የኖረ ሰውነት ቆላውን ለምዷል። በቂ ቀይ የደም ሴል እስኪያመርት ሳምንታት ይወስድበታል። እስከዚያው ልብ ይመታል፣ ጉሮሮ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል።

አሯሯጫችንን ያገኘነው በአክስቴ ልጅ በኩል ነው። ክለብ ውስጥ የሚሮጥ ወጣት ነው። የመጀመሪያ ቀን ጭራሽ አላስሮጠንም፤ እንጦጦ ወስዶ በእግር አስኬደን። በማግስቱ "ዛሬ እያወራን ነው የምንሮጠው። ማውራት ያቃተው ካለ ሁላችንም እንቆማለን" አለን። ቃሉንም ጠበቀ። የወንድሜ ሚስት ዝም ስትል ዞር ብሎ አያት፣ ምንም ሳይናገር ወደ እርምጃ ቀየረው። ማንም አላፈረም።

ዳገት አወጣጡን ብታዩት። ፊት ለፊት አይጋፈጠውም። ባህር ዛፎቹ መሃል ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ትንሽ ሄዶ ወደ ቀኝ ይመለሳል። እኛ አንድ መስመር ይዘን እግሩን እግሩን እንከተላለን። ሥር ወይም ድንጋይ ሲያጋጥመው ጣቱን ዝቅ አድርጎ ወደ መሬት ይጠቁማል። ከኋላው ያለውም ያንኑ ያደርጋል፤ ምልክቱ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። እንዲህ ሆነን ሳናውቀው ጫፍ ወጣን። እኔ በምኖርበት አገር በወር እየከፈልኩ የምሠራበት አሠልጣኝ አለኝ። ጎበዝ ነው፤ የዚህን ልጅ ያህል ግን ትንፋሼን ያዳመጠልኝ የለም።

አንድ ነገር ይስተካከል። ዋጋ ስንጠይቀው "የመሰላችሁን" አለ። ትህትናው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከውጭ ለመጣ ሰው የመሰለው ስንት እንደሆነ በምን ያውቃል? ያነሰ እንደሆነ ልጁ ይጎዳል። የአክስቴ ልጅ ሌሎች ሯጮችን ጠይቃ በቀን ስንት እንደሚከፈል አጣራችልን፣ ቀድመን በቴሌብር ላክንለት። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ልጆቹ ከልምምዳቸው ጊዜ ቀንሰው ነው የሚመጡላችሁ።

ወደ አዘጋጁ ልምጣ። መመዝገቢያ ቅጹ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፦ "ነዋሪ" በብር፣ "የውጭ ዜጋ" በዶላር። ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የት ይግባ? ደውዬ ስጠይቅ አንዲት ልጅ በትዕግስት አዳምጣኝ በብር መዘገበችኝ። እሷን አመሰግናለሁ። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ግን ሰው ሁሉ ባልደወለ።

የሰዓቱ ነገር ይባስ። የተላከልን መልእክት "መነሻ 6:30" ይላል። በማን ሰዓት? ውጭ ያለው በፈረንጅ ያነበዋል፤ አገር ቤት ያለው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ብሎ ተኝቶ ያረፍዳል። እንደገና ስልክ መደወል። "ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል" ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል? በዚያ ላይ ሩጫው ራሱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የተጀመረው፤ የጥቅምት ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሹራባችንን የምናስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረ በቁምጣ ቆመን ተንቀጠቀጥን። መጸዳጃው አንድ ድንኳን ብቻ ሆኖ ሴቶቹ ተሰልፈው ማሟሟቂያው አመለጣቸው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሩጫው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ልብ የሚያሞቅ ነበር። አንድ ቡድን ሁለት ሴት ሁለት ወንድ ነው፤ ልክ እንደ ዓለም አገር አቋራጩ ድብልቅ ቅብብል። ያ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2017 ካምፓላ ላይ ተጀመረ፤ በ2019 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ ወርቁን የወሰደችው ኢትዮጵያ ናት። እነሱ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሮጡት፤ የኛም ያው ነበር። በዱላ ፋንታ የእጅ ማሰሪያ ነው የምንቀባበለው። መቀባበያው ቦታ በኖራ በደንብ ተሰምሯል። በየመታጠፊያው ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ቆመዋል፤ "አይዞሽ! አይዞህ! ደርሳችኋል!" እያሉ ለመጨረሻው ሯጭም ሳይሰለቹ ያበረታታሉ። ታናሽ ወንድሜ ማሰሪያውን ሲያቀብለኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዷ አስተባባሪ ቶሎ ብላ ደግፋው በእርምጃ አንሸራሸረችው፤ እንዲቀመጥ አልፈቀደችለትም። ሥራዋን የምታውቅ ልጅ።

ውሃ በሽ በሽ ነበር። ሁለት ጉንጭ ተጠጥቶ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ጫካውን ሞላው። በኋላ ሲለቅሙ አይቻለሁ፤ ከመጀመሪያው በኩባያ ቢቀዳ ይሻላል።

እሁድ በአውቶቡስ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ወጣን። አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ፤ ንጹህ ነው፣ ሹፌሩም ጨዋ ነው። ሜዳው ላይ የመኪና ጎማ፣ የገመድ መረብ፣ ከባህር ዛፍ ግንድ የተሠራ ግድግዳና ውሃ የሞላው ጉድጓድ ተሰናድቷል። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። ቅርፊቱ ተልጧል፣ ሚስማሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከወዲያ በኩል ገለባ ተነጥፏል። ተጨንቀው ነው የሠሩት።

ጉድጓዱ ጋ የቆመው አስተባባሪ ትልቅ ነገር አስተማረን። "አትዝለሉ፤ ግንዱን ረግጣችሁ ግፉት" አለ። የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ሯጮች የሚያደርጉት ይህንን ነው። ውድድሩ 28 ደረቅ መሰናክልና 7 ውሃ አለው። ውሃው ላይ ሲደርሱ አብዛኞቹ እንጨቱን በአንድ እግር ይረግጡና ወደ ፊት ይስፈነጠራሉ፤ ጥልቀቱ እየሳሳ የሚሄደው ወደ ፊት ስለሆነ፣ ራቅ ብሎ ያረፈ ሰው ጉልበቱን ያተርፋል። ለሜቻ ግርማ እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ ላይ በ7:52.11 የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር በቴሌቪዥን ያየሁት ነገር በእግሬ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የአክስቴ ልጅ ግን ጉድጓዱን ስትሻገር ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ወዲያው ወጌሻው መጣ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ትንሽ ዱካ ላይ ተቀምጠው ተረከዟን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "የማን ልጅ ነሽ? የት ሰፈር ነው ያደግሽው?" እያሉ ያወሯታል፤ አውራ ጣታቸው ግን አጥንቷን አንድ በአንድ እየተጫነ ይፈትሻል። አልጎተቱም፣ አላሹም። በረዶ አስይዘው በፋሻ ጠቀለሉላትና "ስብራት አይመስለኝም፤ ማታ ካበጠ ወይም መርገጥ ካቃተሽ ግን ራጅ ተነሺ" አሏት። ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።

ነገር ግን ቅዳሜ የነበረው አምቡላንስ እሁድ አልነበረም። ጉዳት የሚበዛው መሰናክል ላይ አይደለም ወይ? አስተባባሪውን ስጠይቀው "መንገድ ላይ ነው" አለኝ፤ እስክንሄድ አልመጣም። ለዚህ ይቅርታ የለኝም። አምቡላንስ ሜዳው ላይ ሳይቆም ሩጫ አይጀመርም። አዘጋጁ ሌላውን ሁሉ ቢያሻሽልና ይሄን ቢተው እኔ ዘመዶቼን ይዤ አልመለስም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሲም ካርድ ኤርፖርት አወጣሁ፤ ብዙም አላስጠበቁኝም። በስልክ ታክሲ የሚጠራባቸው ራይድም ፈረስም ከሌሊቱ 11 ሰዓት መኪና ይገኝባቸዋል። አንድ ሹፌር፣ የየትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ደውሎ ወዴት እንደምንሄድ ከጠየቀ በኋላ ሰረዘብን፤ ሌላ ወዲያው መጣ። ያረፍኩበት እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሌሊት ተነስተው በሶ በማር በጥብጠው ሰጡኝ። "ሆድሽ ባዶ ሆኖ ዳገት አትውጪ" ብለው እስክጨርሰው ቆሙ። ሂሳብ ውስጥ አላስገቡትም።

ጭቃ የጠጣ ጫማችሁን ሆቴል አትስጡ። ሊስትሮ ጋ ውሰዱት። ሰፈር ያለው ልጅ ማሰሪያውን ፈታ፣ ውስጡን አወጣ፣ በጥርስ ብሩሽ የሶሉን ክፍተት አንድ በአንድ ጠረገ። ፀሐይ ላይ ሊያሰጣው ሲልም ራሱ ተወው፤ "ማጣበቂያው ይለቃል" አለና ጥላ ውስጥ አስቀመጠው።

ለድካሙ ፍልውሃ አለላችሁ። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረደ፣ ከተማዋንም ያስቆረቆረ ውሃ ነው፤ እንጦጦ ሮጦ ፍልውሃ መታጠብ ለኔ ልዩ ስሜት አለው። እሁድ ከሰዓት ወረፋው ረጅም ስለሆነ ተመልሰን ሰኞ በጠዋት ሄድን። ፎጣና ነጠላ ጫማ ከቤት ያዙ። ሙቀቱ ያዞራል፤ ገንዳ ውስጥ ብዙ አትቆዩ፣ ውሃም ጠጡ።

አሯሯጭ የምትፈልጉ ከሆነ ከመምጣታችሁ በፊት ዘመድ አስጠይቁ። ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ ጥሩ ጥሩዎቹ ቀድመው ይያዛሉ።