በየቀኑ ይጸዳል ብዬ የገባሁበት ክፍል

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት በክፍል ጽዳት ብቻ ነው። አልጋው ጥሩ ነው። ሙቅ ውሃ አይቆራረጥም። ኢንተርኔቱ ማታ ሁሉም ሰው ሲገባበት እንኳን አይንቀራፈፍም። ሠራተኞቹም ትሑቶች ናቸው። የሆቴሉን ስም ያልጠቀስኩት ልሸፍንለት ፈልጌ አይደለም። ይኸው አሠራር ሌላም ቦታ ገጥሞኛል፤ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ሥራዬ ኦዲት ነው። ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶች እየሄድኩ ሒሳብ እመረምራለሁ፤ አንዴ ከሄድኩ ቶሎ አልመለስም። ቀን እዚያ እውላለሁ፣ ማታ ክፍሌ ውስጥ እቀጥላለሁ። ጠረጴዛው በወረቀት ይሞላል። የቻርጀር ገመድ ከአልጋ እስከ ወንበር ይዘረጋል። ቅርጫቱ ቶሎ ይሞላል። አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድ ሰው የማይታየው ነገር ለእኔ ይታየኛል።

መጀመሪያ ስገባ ክፍሉ እንከን አልነበረውም። እኔ ደግሞ መፈተሽ እወዳለሁ፤ የሙያ ልክፍት በሉት። በስልኬ መብራት አልጋው ሥር አየሁ፤ አቧራ የለም። የሻወሩ ፍሳሽ ላይ አንድ ፀጉር አላገኘሁም። በሰድሩ መሀል ያለው መስመር እንኳን አልጠቆረም። አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ የትራስ ልብሱ የሳሙና ሽታ አለው። ይህን ክፍል ያጸዳው ሰው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምጽፈው ቅሬታ በጽዳት ሠራተኞቹ ላይ እንዳይመስል ነው።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ካርድ ቆማለች። አይታችኋት ታውቃላችሁ፤ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለባት። ፎጣ መሬት ላይ ከተዉት ይቀየርልዎታል፣ ከሰቀሉት ደግመው ሊጠቀሙበት ነው ማለት ነው፣ ውሃ በመቆጠብዎ እናመሰግናለን ትላለች። በማግስቱ ጠዋት ፎጣዬን መሬት ላይ ትቼ ወጣሁ። ማታ ስመለስ ፎጣው እዚያው ነው። እርጥብ ነው። አልጋው እንደተነሳሁበት ተዝረክርኳል፣ ቅርጫቱ እንደሞላ ነው፣ ሶፍቱ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ቀርቶታል። ማንም አልገባም።

ሪሴፕሽን ደወልኩ። የመለሰችልኝ ልጅ ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

«ይቅርታ፣ ክፍልዎ በየሦስት ቀኑ ነው የሚጸዳው። በመሀል ከፈለጉ ጠዋት ሳይወጡ ቢነግሩን እናጸዳልዎታለን።»

«ስገባ እኮ ማንም አልነገረኝም።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለው ማኅደር ውስጥ ተጽፏል።»

ማኅደሩን ከፈትኩ። እውነቷን ነው፣ ተጽፏል። ከልብስ እጥበቱ ቅጽ ቀጥሎ፣ ከቴሌቪዥን ቻናሎች ዝርዝር በፊት፣ በአንድ መስመር። ክፍሉን የያዝኩበትን ገጽም መልሼ አየሁት። ጂም አለ ይላል። የመኪና ማቆሚያ አለ ይላል። የፀጉር ማድረቂያ እንኳን ተጠቅሷል። ስለ ጽዳት ግን አንዲት ቃል የለም። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው በየቀኑ ይጸዳል ብሎ እንደሚያስብ እያወቁ ዝም ማለት ለእኔ ከመደበቅ አይለይም።

አሠራሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በፈረንጆቹ 2020 ኮቪድ ሲመጣ ሆቴሎች በዕለት ተዕለት ጽዳት መግባት አቆሙ። ያኔ እንግዳውም ሠራተኛውም ፈርቶ ስለነበር ቅሬታ አልነበረም። ወረርሽኙ ከቀዘቀዘ በኋላም ግን ልማዱ በዚያው ቀጠለ። ሂልተን በ2021 አሜሪካ ውስጥ በአብዛኞቹ ሆቴሎቹ ክፍል የሚጸዳው እንግዳው ሲጠይቅ እንዲሆን አደረገ፤ ረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሰው ግን ባይጠይቅም በየአምስት ቀኑ ይጸዳለት ነበር። የቅንጦት ሆቴሎቹ በየቀኑ ማጽዳታቸውን ቀጠሉ። ቢያንስ ይህን በግልጽ ተናግሯል። ሕግ አውጪዎችም ገብተውበታል። የኔቫዳ ግዛት በ2020 የላስ ቬጋስና የሬኖ ሆቴሎች የተያዙ ክፍሎችን በየቀኑ እንዲያጸዱ አስገደደች፤ በ2023 ደግሞ ግዴታውን አነሳችው። ኒው ዮርክ ከተማ በ2024 ባወጣው ሕግ እንግዳው ራሱ አልፈልግም ካላለ በስተቀር ክፍሉ በየቀኑ ይጸዳል። እኔ የሚስማማኝ የኒው ዮርኩ ነው። የማይፈልግ ሰው ይናገር። የሚፈልገው ለምን ይለምናል?

ወደ ካርዷ ልመለስ። ፎጣ ደግሞ መጠቀም አይከብደኝም፤ ቤቴም በየቀኑ አልቀይርም። ስለነዚህ ካርዶች የታወቀ ጥናት አለ። ጎልድስታይን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ሆቴል ውስጥ የተለያየ ጽሑፍ ያለባቸው ካርዶች አስቀምጠው አነጻጸሩ፤ ውጤቱ በ2008 ታተመ። አካባቢን እንጠብቅ የሚለውን ካርድ ካገኙት እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው የተጠቀሙት 35 በመቶ ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹ እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው ይጠቀማሉ የሚለውን ካገኙት ግን 44 በመቶ ገደማ። ሰው ሰውን አይቶ ነው የሚያደርገው። የዚህ ሆቴል ካርድም «እንደ አብዛኞቹ እንግዶቻችን» ብላ ነው የምትጀምረው። ጥናቱን ያነበበ ሰው አለ ማለት ነው፤ ፈገግ አልኩ።

ግን ካርዷ የምታወራው ስለ እጥበት ነው። አንሶላና ፎጣ ባለማጠብ ውሃ ይቆጠባል፣ እስማማለሁ። ቅርጫት ባለመድፋት የሚቆጠበው ውሃ ምንድን ነው? ሶፍት ባለመተካትስ? የሚቆጠበው የሰው ጉልበትና ደመወዝ ነው። ያንን በቅጠል ሥዕል ባይሸፍኑት ደስ ይለኝ ነበር። ወጪ ስለበዛብን ቀንሰናል ቢሉኝ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ይገባኛል።

ሌላም አለ። ክፍሉ መብራት የሚያገኘው የበሩን ካርድ ግድግዳው ላይ ስትሰኩት ነው። ስትወጡ ካርዱን ትነቅላላችሁ፣ መብራቱም ይጠፋል። አብሮት የመታጠቢያ ቤቱ የአየር ማውጫ ፋን ይቆማል። መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ መስኮት የለውም። ጠዋት የሰቀልኩት ፎጣ ማታም እንደረጠበ ይጠብቀኛል፤ በማግስቱ መሽተት ይጀምራል። ደግመው ይጠቀሙ የምትለኝ ካርድ እና ፎጣው እንዳይደርቅ የሚያደርገው ማጥፊያ አንድ በር ውስጥ ናቸው። ይህን ያስተዋለ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ፎጣውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ዘርግቼ መስኮት ከፍቼ መውጣት ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት ኮሪደር ላይ ጋሪዋን ከምትገፋ የጽዳት ሠራተኛ ጋር ተገናኘን። ክፍሌ ይጸዳ ብዬ ስነግራት ደስ ያላት መሰለኝ። ገርሞኝ ጠየቅኳት። ሥራ አልተጨመረብሽም ወይ?

«ኧረ አይደለም። በየቀኑ ብገባ እጄ ቶሎ ያልፋል። ሦስት ቀን ሲቆይ ነው የሚያደክመኝ» አለችኝ። የሻወሩ መስታወት ላይ ሳሙናው እንደሚደርቅና በፍተጋ ብቻ እንደሚለቅ፣ ቆሻሻው ከቅርጫቱ አልፎ እንደሚፈስ፣ ሰው የለቀቀውን ክፍል ያህል ጊዜ እንደሚወስድባት ነገረችኝ። በቀን የሚሰጣት የክፍል ቁጥር ግን አልተቀነሰም። ሰው ያለበት ክፍል ቀላል ነው ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ዝርዝሯ ላይ አጭር ደቂቃ ነው የተያዘለት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጽዳት ሲቀንስ እነሱ የሚያርፉ ይመስለኝ ነበር፤ ሌላውም እንግዳ እንደዚያ የሚያስብ ይመስለኛል። የአሜሪካ የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር ዩናይት ሂርም ይህንኑ ሲጮህ ነው የቆየው። በ2024 አሜሪካ ውስጥ 10,000 ገደማ የሆቴል ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ከቅሬታዎቻቸው አንዱ ከኮቪድ በኋላ ያልተመለሰው የዕለት ጽዳትና የሠራተኛ ቁጥር መቀነስ ነበር። ክፍሉ በየቀኑ ካልተጸዳ የሥራ ሰዓት ይቀነሳል፤ የቀረው ሰው ደግሞ የከረመ ቆሻሻ ይጠብቀዋል።

እኔ በየቀኑ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ቅርጫቱ ይደፋ። እርጥብ ፎጣ ከመሬት ይነሳ፣ ደረቅ ይምጣ። ሶፍት ይተካ። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል በጨርቅ ይታለፍበት። ብርጭቆዎቹ ተወስደው በታጠቡ ይተኩ፤ ክፍል ውስጥ በጨርቅ ብቻ ተጠርገው ሲቀመጡ አልወድም፣ ጨርቁ ቅድም ምን እንደጠረገ ማን ያውቃል። አንሶላ በሦስተኛው ቀን ቢቀየር ይበቃኛል። አልጋ ባይነጠፍም ግድ የለኝም፤ ማታ መልሼ የማፈርሰው እኔው ነኝ። ይህ ሁሉ ለለመደ ሰው ደቂቃዎች ነው። አንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው ከዚህ አንዱም አያስፈልግም፤ እንደዚያ ከሆናችሁ ይህን ሆቴል ያለ ሐሳብ ያዙ።

የማልፈልገውም አለ። ወረቀቴ አይነካ። በዚህ በኩል ሆቴሉን አመሰግናለሁ፤ ገብተው ባጸዱ ቁጥር ጠረጴዛው ዙሪያውን ተጠርጎ ወረቀቶቹ እንደተቀመጡ አገኘኋቸው። እስክሪብቶዬ እንኳን ከነዝንባሌው ነበር። የሌሊት ልብሴን ግን አጥፈው ትራስ ላይ አስቀመጡልኝ። ቅንነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አፈርኩ።

ከሁሉ ያናደደኝ የበሩ ነገር ነው። በሪሞት ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ካሜራዬ ክፍት ነው። ኳ ኳ ይላል፣ «ሀውስኪፒንግ» ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ። እሺም እምቢም ለማለት አፍ አይከፈትም። ማንኳኳት መልስ ካልተጠበቀበት ምን ያደርጋል? አለቃዬ ከስክሪኑ ውስጥ «እንግዳ መጣብሽ?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ «አትረብሹ» የሚለውን ምልክት በሩ ላይ ሰቀልኩ። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት ሰቅዬው ወደ ሥራ ስወጣ አወረድኩት። ሠራተኛዋ ግን በዚያ ፎቅ ቀደም ብላ አልፋለች፤ ምልክቱን ስላየች ክፍሌን ከዝርዝሯ ሰርዛለች። ያ ቀን በዚያው አለፈ። በነገራችን ላይ ምልክቱ ማንም አይገባም ማለት አይደለም። በ2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል ክፍል መስኮት ሆኖ ብዙ ሰው ከገደለ በኋላ በርካታ ሆቴሎች ደንባቸውን ቀይረዋል። የዋልት ዲዝኒ ወርልድ ሆቴሎች በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ምልክቱን «ክፍሉ ተይዟል» በሚል መቀየር ጀመሩ፤ ምልክቱ ቢኖርም ሠራተኛ ሊገባ ይችላል። ለደኅንነት ከሆነ አልቃወምም። አስቀድሞ መናገሩ ነው ዋናው።

ለፍትሕ ያህል፣ ሲጠየቁ ያደርጋሉ። ጠዋት ስወጣ ቁልፌን እያሳየሁ «ዛሬ ይጸዳልኝ» ማለት ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ቀን አልዘለሉኝም። በየቀኑ ማስታወስ ግን ሰለቸኝ። ስገባ አንድ ጊዜ ጠይቀውኝ ቢመዘግቡት ኖሮ፣ በየቀኑ ወይስ በየሦስት ቀኑ፣ ጠዋት ወይስ ከሰዓት ብለው፣ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር፤ ኮከቡም አምስት ይሆን ነበር። ስወጣ ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ማስታወሻም ያዙ። ቅጹ ላይ ይጨምሩት አይጨምሩት አብረን እናያለን።

እናንተ ብዙ ቀን የምትቆዩ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጽዳቱ በየስንት ቀኑ እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚያካትት፣ እስከ ስንት ሰዓት መጠየቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ። በቃል የነገሯችሁን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ። አንድ ደግሞ፣ የማዕዘን ክፍሎቹን ጠይቁ። የእነሱ መታጠቢያ ቤት መስኮት አለው፣ ፎጣው ይደርቃል።