ርካሹ ሪፍራክቶሜትር ለኮራል አኳሪየም ይበቃልን?

ይህ ግምገማ በአሜሪካ የአኳሪየም መደብሮችና በበይነ መረብ ገበያ ከ20 እስከ 30 ዶላር በሚደርስ ዋጋ፣ በልዩ ልዩ ስሞች የሚሸጠውን፣ የውሃን የጨው መጠን በብርሃን ስብራት የሚለካውን የእጅ ሪፍራክቶሜትር ይመለከታል። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ መሣሪያው ከዋጋው በላይ ያገለግላል፤ አብሮት የሚመጣው የአጠቃቀም መመሪያ ግን ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ የሚያሳድገውን ሰው ያሳስታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ የአኳሪየም ውሃ በመስታወቱ ፕሪዝም ላይ አድርጎ ክዳኑን መዝጋት፣ የውሃውና የፕሪዝሙ ሙቀት እስኪተካከል ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያም ወደ ብርሃን አዙሮ በመመልከቻው ውስጥ ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበትን መስመር ማንበብ ነው። ውሃ ጨው በበዛበት ቁጥር ብርሃንን ይበልጥ ስለሚሰብር መስመሩ ከፍ ይላል። በዋጋ ከዚህ የሚያንሰው ሌላው የጨው መለኪያ፣ ባለ መርፌው የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር፣ በመርፌው ላይ በሚጣበቅ የአየር አረፋና በሚደርቅበት ጨው ምክንያት ንባቡ በቀላሉ ስለሚዛባ፣ ለኮራል ባለቤት አልመክረውም።

ይሁንና መሣሪያው የሚጠቅመው የሚፈለገው መጠን አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ በአንድ ኪሎ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ይህም በስፔሲፊክ ግራቪቲ ሚዛን (የውሃው ክብደት በእኩል ይዘት ካለው ንጹሕ ውሃ ክብደት ጋር ሲነጻጸር) 1.026 ገደማ ነው። ዓሣ ብቻ የሚይዙ መደብሮች ጨው ለመቆጠብና ጥገኛ ተባዮችን ለመቀነስ ሲሉ ወደ 1.020 ዝቅ ማድረጋቸው የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ የባሕር ዓሦች በሰውነታቸው ውስጥ ያለውን ጨው ራሳቸው ስለሚቆጣጠሩ ይህን ይችሉታል። ኮራልና የባሕር ኮከብ ግን የውስጥ ፈሳሻቸው የዙሪያውን ውሃ ተከትሎ ስለሚለዋወጥ እንዲህ ዓይነቱን ቅናሽ በቀላሉ አይሸከሙም። ከዚህም በላይ ጨው ሲቀንስ አብረውት ያሉት ማዕድናት ሁሉ ይቀንሳሉ፦ ጨው በኪሎ 35 ግራም ሲሆን በአንድ ሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ የነበረው ካልሲየም ጨው 30 ሲሆን ወደ 360 ይወርዳል፤ ኮራሉ አጽሙን የሚሠራው ደግሞ ከዚሁ ካልሲየም ነው። የቀይ ባሕር ዝርያ የሚያሳድጉ ሰዎች የሰሜኑ ውሃ ከ40 በላይ መሆኑን እያነሡ ከፍ ማድረግ እንደሚሻል ይከራከራሉ። ነገር ግን ያው ባሕር በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል፣ ወደ 37 ገደማ ዝቅ ይላል፤ በገበያ ላይ ያለው ኮራል አብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከአውስትራሊያ ውሃ የመጣ ወይም ከዚያ በመጣ ዘር የተራባ በመሆኑም ከ35 የምወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ መመሪያው ስሕተት ልምጣ። ወረቀቱ መሣሪያውን በተጣራ (ጨውና ማዕድን በሌለበት) ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል በቂ ነው ይላል። ችግሩ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለባሕር ውሃ ሳይሆን ለተራ የገበታ ጨው ብጥብጥ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ደግሞ እኩል አይደለም። በዜሮ ላይ በትክክል የተስተካከለ እንዲህ ያለ መሣሪያ እውነተኛውን 35 የባሕር ውሃ 36.5 ብሎ ያነበዋል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ንባቡ 35 እስኪሆን ውሃውን ካቀጠነው ኮራሎቹ የሚኖሩት በ33.5 ገደማ ይሆናል። መሣሪያው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሚዛኑ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል፦ የ35 መስመር ከ1.025 ጎን ካረፈ ለገበታ ጨው የተሠራ ነው፤ ከ1.026 ከፍ ብሎ ካረፈ ለባሕር ውሃ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለ35 የተዘጋጀ መለኪያ ፈሳሽ ገዝቶ የመሣሪያውን ብሎን በዚያ ላይ ማስተካከል ይበቃል። ጥሩ ሚዛን ያለው ሰው ደግሞ 36.5 ግራም ንጹሕ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም የተጣራ ውሃ በማሟሟት ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ይህ ብጥብጥ ብርሃንን የሚሰብረው ልክ እንደ 35 የባሕር ውሃ ነው። ሻጮች ይህን ፈሳሽ በትንሽ ብልቃጥ ከሳጥኑ ጋር ቢጨምሩት ከመሣሪያው ጋር ከሚመጣው ማስቀመጫ ከረጢት የበለጠ ይጠቅም ነበር።

መሣሪያው የሙቀት ልዩነትን በራሱ ያካክሳል የሚባለው በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ክልል ነው፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎት ይህ በቂ ነው። ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ፕሪዝሙን በተጣራ ውሃ አጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ግዴታ ነው፤ የደረቀ ጨው ቀጣዩን ንባብ ከፍ ያደርገዋል።

ውሃው በትነት የሚጎድልበት፣ ጨው ግን የማይተንበት አኳሪየም በየቀኑ በተጣራ ውሃ እንጂ በጨዋማ ውሃ መሞላት ስለሌለበት፣ በሳምንት አንድ ጊዜና ከውሃ ቅየራ በፊት መለካትን እመክራለሁ። የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያ ላለውም ይህ አይቀርም፣ ተንሳፋፊው ሊጣበቅ ይችላልና። የባሕር ዓሣ ብቻ ለሚያሳድግ ሰው ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሳያስፈልገው መሣሪያው ከሳጥኑ እንደወጣ በዜሮ ላይ ተስተካክሎ ያገለግለዋል።