ዳርክቴብል፦ ከጨለማ ክፍል ለሚመጣ ሰው

በወጣትነቴ በዜኒት ካሜራ ጥቁርና ነጭ ፊልም አነሳ፣ ሌሊት ደግሞ በቀይ አምፖል ብርሃን ወረቀት ላይ አትም ነበር። ከ20 ዓመታት በላይ ከተውኩት በኋላ፣ ጡረታ ስወጣ ያገለገለ ኒኮን ዲ90 ገዝቼ ተመለስኩ። ማንሳቱን እጄ አልረሳውም፤ የቸገረኝ ከማንሳት በኋላ በኮምፒውተር የሚሠራው ሥራ ነው። ብዙዎች የሚመክሩት ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር ክፍያው በየወሩ የሚታደስና በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በብር ለሚተዳደር ሰው አይመችም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በነፃ የሚታደለውንና በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራውን ዳርክቴብልን መረጥኩ።

ፊልም ያጠበ ሰው አሠራሩን ቶሎ ይለምደዋል። ፎቶዎች የሚመረጡበት ክፍል «ላይትቴብል»፣ የሚታረሙበት ደግሞ «ዳርክሩም» ይባላል። ዋናው ፋይል እንደ ኔጋቲቭ ሳይነካ ይቀመጥና የታረመው ሁሉ ከጎኑ በምትቀመጥ ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ይመዘገባል። «አስቀምጥ» የሚባል ቁልፍ የለውም፤ መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሰፈራችንም እስካሁን ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሥራ አልጠፋብኝም።

ትክክለኛውን ፈተና የሰጠሁት በመስቀል ሰሞን፣ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የጎረቤቴ እናት ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀትር ፀሐይ አደይ አበባ መሐል ቆሙልኝ። ካሜራው ራሱ በሠራው ጄፔግ ላይ ነጠላው ጥለቱ ብቻ የሚለይ ነጭ ወረቀት መሰለ፣ ፊታቸው ጠቆረ፣ አደዩም አበባ ከአበባ የማይለይ ቢጫ ቀለም ሆነ። የዲ90 ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) ግን በ12 ቢት ስለሚመዘግብ ለእያንዳንዱ ቀለም እስከ 4,096 የብርሃን ደረጃዎች ሲይዝ ጄፔግ የሚይዘው 256 ብቻ ነው። በብርሃን መጠን መቆጣጠሪያው ፊታቸውን ካነሳሁ በኋላ «ሲግሞይድ» የተባለው ክፍል ከላይ ያለውን ብርሃን ቀስ አድርጎ ሲያለዝበው የነጠላው ድርና ማግ ተመልሶ ታየ። በትከሻቸው ላይ ፀሐይ ጨርሳ ያነጣችው አንድ እጥፋት ግን አልተመለሰም፤ ካሜራው ያልመዘገበውን ማንም ሶፍትዌር አይፈጥረውም፣ እንዳላየ የሚሞላውንም እኔ አልፈልግም።

ጉድለቱ ብዙ ነው። ሮው ፋይል መጀመሪያ ሲከፈት በካሜራው ስክሪን ላይ ካየነው ምስል የደበዘዘ ሆኖ ስለሚታይ ጀማሪ የተበላሸ ይመስለዋል። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ በርካታ ክፍሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ «ፊልሚክ» እና «ሲግሞይድ» ሁለቱም አንድ ጉዳይ የሚፈቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የገባው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በወጣው 4.2 እትም ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች አያውቁትም። እኔም በአሮጌ ቪዲዮ ሁለት ሳምንት በከንቱ ደክሜያለሁ። አዲስ እትም በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ በአዲሱ የታረመ ፎቶ ግን በአሮጌው በትክክል ላይከፈት ስለሚችል፣ ሥራ ሳያልቅ እትም አለመቀየር ይሻላል።

ፍጥነቱም ያታክታል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፔ በምሽት የተነሳን ፎቶ ከነጠብጣብ ማጽዳት ስጀምር አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይደርሳል፤ 8 ጊጋባይት ያለው ሰው ይህን ያህል አይማረርም። የሠርግ ፎቶ ከጀርባው ቆርጦ ሌላ ጀርባ ላይ መለጠፍ የሚፈልግም ወደ ጊምፕ ወይም ወደ ፎቶሾፕ ይሂድ፤ ይህ ሶፍትዌር ለዚያ አልተሠራም።

ለሚጀምር ሰው የምመክረው በመጀመሪያው ወር መከርከሚያውን፣ የብርሃን መጠኑን፣ የቀለም ሚዛኑንና ሲግሞይድን ብቻ እንዲነካ ነው። የብርሃን መጠኑ ገና ሲከፈት በራሱ 0.7 የብርሃን እርከን (ኢቪ) ጨምሮ ስለሚጀምር፣ ነጭ ልብስ ያለበት ፎቶ ላይ መጀመሪያ እሱን ይመልከት።