የቼኮቹ የገና ኮሜዲ፦ ከቤተሰብ ጋር የሚታይ ነው

ደሴ ፒያሳ ፊልም የሚጭኑ ልጆች ጋ በፍላሽ ያስጫንኩት የቼክ ሪፐብሊክ ኮሜዲ ፊልም ነው፣ በአማርኛ ትርጉም። በጣም ወድጄዋለሁ። ባልየው ለሚስቱ የገና ስጦታ ገዝቶ ይደብቃል፣ እሷ ደረሰኙን ኮት ኪሱ ውስጥ ታገኘዋለች፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሌላ ሴት የደወለች ይመስላታል። እሱም በተራው እሷን ይጠረጥራል። ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ ነገር! ይሄ ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል።

ቼኮች ገናን የሚያደምቁት ዲሴምበር 24 ማታ ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 15። ዶሮ ወጥ የለም፤ የተጠበሰ ካርፕ የሚባል ዓሣና የድንች ሰላጣ ነው የሚቀርበው። ዓሣውን ከነሕይወቱ ገዝቶ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ማቆየት የቆየ ልማዳቸው ነው። ሚስትየው አኩርፋ፣ በሩን ቆልፋ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለዓሣው ስለ ባሏ ስሞታ የምታሰማበት ቦታ ላይ እናቴ ቡናውን መቅዳት ትታ ሳቀች።

ቅር ያለኝ ተርጓሚው ነው። ተዋናዮቹ ዝም ሲሉ እንኳ ያወራል፤ ጥርጣሬው የሚታየው ግን ዝም ብለው ሲተያዩ ነበር። መጨረሻውም ትንሽ ይቸኩላል። ከልጆች ጋር ለማየት ግን ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።